ደጃፍ ላይ የቀረው ጉቶ

አንድ ጊዜ ከገበያ መንገድ ዳር የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። ጋሪ እየጎተተች እህል ታመላልሳለች። ባሏን ድርቅ ከወሰደባት ወዲህ የቀራት አንድ ውርንጭላ ብቻ ነው፤ ስሙንም ጌጡ ብላዋለች። ጌጡ እግሩ ገና ስላልጠና ጋሪ ተከትሎ መሄድ አይችልም። ስለዚህ እመት አህያ ሥራ በወጣች ቁጥር የምትተወው ሜዳ ላይ ነበር፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ጅብ አለ። እንግዲህ ኑሮዋን አስቡት፤ እግሯ ወደ ገበያ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ።

በመጨረሻ ቤት ልሥራ ብላ ቆረጠች። ትልቅ ቤት አልተመኘችም። ማታ ጋሪዋ፣ ቀን ልጇ የሚገባበት፣ ወለሉ ድንጋይ የተነጠፈ፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ ያለው አንድ ክፍል ይበቃታል። ያገኘችው ቦታ ግን ባሕር ዛፍ የተቆረጠበት፣ ጉቶ የሞላበት ነበር። የባሕር ዛፍን ጉቶ ታውቁታላችሁ፤ ሞተ ሲሉት ያቆጠቁጣል። ከነሥሩ ካልተነቀለ እንኳን ቤት፣ የዶሮ ቆጥም አያሠራም። ለብቻዋ እንደማትችለው ስታውቅ ጎረቤቱን ደቦ ጠራች።

ከርከሮ መጣ፤ ጃርት መጣ፤ ጦጢትም ከነልጆቿ መጣች። ቀበሮ መጣና ማንም ሳይሾመው የደቦው አለቃ ሆነ፤ ዶማ ከመያዝ ማዘዝ ይቀላላ! አያ ጅቦ ግን የመጣው ሳይጠራ ነው፤ የጠራው ለደቦው የተጣደው ቅቅል ሽታ ነው። ያን ሰሞን ጠግቦ ከርሟል፤ ጅብ ሲጠግብ ደግሞ እንደሱ ያለ ጨዋ የለም። እመት አህያ ልቧ ስንጥቅ አለ። ከጅብ ልትሸሸግበት የምትሠራውን ቤት ጅብ ሊሠራላት መጣ! ነገር ግን ለደቦ የመጣን እንግዳ መመለስ ነውር ነው። ምን ይሉኛል አለችና «እንኳን ደህና መጡ አያ ጅቦ» ብላ ዶማ አቀበለችው።

ቀበሮ ጉቶዎቹን አከፋፈለ። ዙሪያውን ይቆፈራል፣ ሥሩ በምሳር ይቆረጣል፣ ከዚያ በመጫኛ ታስሮ እመት አህያ ትጎትተዋለች። ከርከሮ አፈሩን በአፍንጫው እየገለበጠ፣ ጃርት ሥር ሥሩን እየፋቀ፣ ጉቶው አንድ በአንድ እየተንቋቋ ወጣ። በር ሊሆን የታሰበው ቦታ ላይ ያለው ጉቶ ለአያ ጅቦ ደርሶት ነበር። እሱ አንድ ጊዜ ይቆፍራል፣ ሁለት ጊዜ ወደ ድስቱ ያያል። ቅቅሉ መቼ እንደሚወጣ ቀበሮን ጠይቆ ጠይቆ አሰለቸው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የድስቱ ክዳን ተከፈተ። ያኔ አያ ጅቦ የላይ የላዩን ሥር ብቻ ነበር የቆረጠው። ቀና አለ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ አፈሩን በእግሩ ገፍቶ ጉቶው ላይ መለሰበትና ረጋግጦ ደለደለው። ጨርሻለሁ ብሎም ወደ ድስቱ ሄደ።

እመት አህያ አይታዋለች። መጫኛውን በአፏ ይዛ፣ ያንን ጉቶ ልትጎትት ቆማ ስትጠብቅ ነበር። ቀበሮም አይቷል። ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«እመት አህያ፣ አንዲት ጉቶ ናት፤ ድንጋይ ሲነጠፍባት ታፍና ትሞታለች። አሁን እንደገና ቆፍሩ ብትያቸው ነገ ለደቦሽ የሚመጣ አታገኚም። እሱንስ በጎረቤት ፊት ልታዋርጂው ነው?» አላት።

እመት አህያ ጎረቤቶቿን አየቻቸው። ሁሉም ላብ በላብ ሆነዋል፤ ሁሉም የደከሙት ለእሷ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባል አጥታው አይደለም። «አያ ጅቦ፣ ጉቶው አልወጣም» ማለት ብቻ ነበር የሚበቃት። እሷ ግን ቃሉን ዋጥ አድርጋ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ብሉ አለቻቸው። ተበላ፣ ተጠጣ፤ ድስቱ ውስጥ ያለው አጥንት እስኪያልቅ አያ ጅቦ አልተነሣም። ከሰዓት በኋላ በጉቶው ላይ ድንጋይ ተነጠፈበት፤ ውሎ አድሮም ግድግዳው ቆመ፣ በሩ ተገጠመ።

ጥቂት ወራት ሰላም ሆነ። እናት መቀርቀሪያው ከውስጥ ቀጭ ሲል ሰምታ ገበያ ትሄዳለች፤ ጌጡም እስክትመለስ ሣሩን እየበላ ይቆያል። ጆሮዋ ወደ ኋላ ማዳመጡን ረሳ።

ክረምት ሲገባ በድንጋዮቹ መካከል አንዲት ቀንበጥ ብቅ አለች። እመት አህያ ደነገጠችና ማንም ሳያይባት ነክሳ በላቻት። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንዴት እንደሚመር! በሳምንቱ በአንዷ ፋንታ ብዙ ሆነው መጡ፤ እነሱንም በላች። ድንጋዩን አንሥታ ጉቶውን ልታስወጣ ታስብና በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ያስቆማታል። እንዴት ያለ ደቦ ነበር፣ እንዴት ያለ ወለል ወጣው ይላታል ከርከሮ። ቀበሮማ በገዛ እጁ የሠራው ይመስል እንግዳ እያመጣ ያስጎበኛል። ታዲያ በየትኛው አፏ ሥራችሁ ተበላሽቷል ብላ ትንገራቸው? ቀን ታመሰግናቸዋለች፤ ማለዳ ማለዳ ምሬቷን ታኝካለች። ጉቶው ደግሞ በተነከሰ ቁጥር ይብሳል። ሥሩ ወፈረ፤ በሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ከታች ወደ ላይ ገፋው።

አንድ ቀን ጋሪዋን ታጥቃ ልትወጣ ስትል ጌጡ ከውስጥ ተጣራ።

«እማዬ፣ መቀርቀሪያው አይገባም።»

ተመልሳ አየችው። መዝጊያው ከፍ ያለው ድንጋይ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ጌጡ አንገቱን የሚያወጣበት ያህል ክፍተት ቀርቷል። ብትገፋ፣ ብትስብ እምቢ አለ። ገበያው ደግሞ ይረፍድባታል። በሩን ከውጭ በመጫኛው አሰረችና ክረምቱ ይውጣ፣ መስከረም ሲጠባ አስተካክለዋለሁ አለች። ሳይደርቅ በርጥቡ ያለውን ሰው እኮ ሁላችንም እናመሰግነዋለን፤ የሚሰማው ግን የለም።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ፤ የአያ ጅቦ ሆድም ባዶ ሆነ፤ ጨዋነቱም ከሆዱ ጋር ሄደ።

እመት አህያ በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ መጫኛው ተበጥሶ ጭቃው ውስጥ ወድቋል። በሩ ወለል ብሏል። ሣሩ እንዳለ ነው፤ ጌጡ የለም። ስሙን እየጠራች ሜዳውን አካለለችው። ደጁ ላይ የማን እግር እንደረገጠ እንዳታውቅ ዝናቡ ሁሉን አጥቦት ነበር።

ጎረቤት ለለቅሶ ተሰበሰበ። ደቦ የወጡት በሙሉ ነበሩ፤ በዚያ በነጠፉት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከሁሉ አብልጦ የጮኸው አያ ጅቦ ነው፤ እኔን ይብላኝ እያለ ደረቱን ደቃ። ጦጢት ለለቀስተኛው ንፍሮ አዞረች፤ ለሥጋ በሎቹም ከርከሮ ከቤቱ ያመጣውን የአጥንት ቅቅል አቀረበች። አያ ጅቦ ፊት ስትደርስ ሳህኑን በእጁ መለሰው።

«ይብቃኝ፤ ጠግቤያለሁ» አለ።

አያ ጅቦ አጥንት ሲመልስ ያየ አልነበረም፤ ያውም በዚያ የረኀብ ክረምት። ጦጢት ልጆቿን ወደ ጉያዋ ሳበቻቸው። ሁሉም ገባው፤ ሁሉም ለቅሶ ቤት ነው፣ ነውር ነው ብሎ አቀረቀረ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገና የቀን ጉዳይ ነው፣ ምን ይደረጋል እያለ ከሁሉ ቀድሞ ለመሄድ ተነሣ።

እመት አህያ ቀና አለች። አልጮኸችም።

«አያ ጅቦ፣ ያን ቀን ጉቶው አልወጣም ነበር።»

አያ ጅቦ የምሩን ግራ ገባው። እሱ ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ቅቅሉን ብቻ ነው።

«የቱ ጉቶ?» አለ።

«የተቀመጥክበት!» አለችው፤ አንቱታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ትታ።

አያ ጅቦ ወደ ታች ሲያይ በእግሮቹ መካከል አንዲት ቀንበጥ ቆማለች። ተነሥቶ በዚያው በማይዘጋው በር ወጥቶ ሄደ፤ ያስቆመውም አልነበረም። ሌሎቹም እግዜር ያጥናሽ እያሉ አንድ በአንድ ተበተኑ።

በማግስቱ እመት አህያ ድንጋዩን አነሣች። ለብቻዋ ቆፈረች፣ ሥሩን ቆረጠች፣ የተበጠሰውን መጫኛ ቀጥላ ጎተተች። ጉቶው ወጣ። ድንጋዩ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ በሩም ግጥም ብሎ ተዘጋ። ከውስጥ መቀርቀሪያውን የሚያስገባ ግን አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ምን ይሉኛል ብለን በጊዜው ያልተናገርነውን ቃል በኋላ ብንናገረው እውነት ቢሆንም የጠፋብንን እንደማይመልስልን ነው።