ለሚረሳ ሰው የተነገረ ማስጠንቀቂያ

አንዲት ሴት በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በጽዳት ትሠራ ነበር። ስሟ ዘርፈሽዋል ነው። እጇ ሥራ የማይፈታ፣ አዛውንቶቹን እንደ ወላጆቿ የምትወድ ሴት ናት። ልብ በሉ፤ ክፉ ሰው አልነበረችም።

እዚያ እማማ አስካለ የሚባሉ እናት ይኖራሉ። የመርሳት ሕመም የልጆቻቸውን ስም እንኳ ወስዶባቸዋል። እንግዳ መቀበልን ግን አልረሱም።

አንድ ቀን ዘርፈሽዋል ከጀሪካን በረኪና ቀዳች። በምን? በባዶ የውሃ ጠርሙስ። እሳቸው ክፍል መስኮት ላይ አስቀመጠችና፣ "እማማ፣ ይሄ በረኪና ነው። እንዳይነኩት፣ እሺ?" አለች።

"ምን በወጣኝ ልጄ!" አሉ።

ኮሪደሩን ወልውላ፣ ላቧ ጠብ እያለ ስትመለስ፣ እማማ ኩባያ ይዘው ቆመዋል። "ደክሞሻል ልጄ፣ ውሃ ጠጪ" አሉና፣ እንደ ወጉ መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱላት።

ሽታው ሲደርሳት ጮኸች። ኩባያው ወደቀ። ነርሷ ሲስተር ምንትዋብ እየሮጠች መጣች። "እንዲያስታውኩ እንዳታደርጊያቸው! መኪና ጥሪ!"

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። ጉሮሯቸው ግን ተቃጥሎ ሁለት ሳምንት እህል አልቀመሱም።

"ሲስተር፣ እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር!" አለች ዘርፈሽዋል እያለቀሰች።

ሲስተር አልተቆጣቻትም። "ለማን ነው የነገርሽው?" አለቻት ብቻ።

እማማ ከሆስፒታል ሲመለሱ እግራቸው ላይ ወደቀች። "ይቅር ይበሉኝ!"

"ምን አድርገሽኝ ልጄ?" አሉ ግራ ገብቷቸው።

ረስተውታል። ይቅር የሚላት እንኳ አጣች። ተነሥታ በየክፍሉ ያለውን በረኪና፣ የሽንት ቤት ማጽጃ፣ የተባይ መርዝ ሁሉ ለቀመች፤ ዕቃ ቤት አስገብታ ቆለፈችበት።

ወገኖቼ፣ "ነግሬው ነበር" ያላልን ማን አለ? ለሕፃን ነገርን፣ ለሰከረ ነገርን፣ ለሚረሳ ነገርን። ከዚያም እጃችንን ታጠብን! ቃላችን ከአፋችን ወጣ፤ ጠርሙሱስ ተነሣ?

ለደካማ ወገናችሁ ማሰብ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ማስታወስ ያለባችሁም እናንተ። ቤታችሁ የሚረሱ እናት፣ የሚረሱ አባት አሉ? እንግዲያው ዛሬ ስትገቡ፣ ጫማችሁን እንኳ ሳታወልቁ፣ መጀመሪያ ጠርሙሱን አንሡ።