አህያ የሠራው ጋሪ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ካላችሁኝ፣ የዛሬው የጋሪ ነው።

እንስሳ ሁሉ እህሉን በጀርባው በሚያመላልስበት ዘመን አንበሳ፣ «ከወንዝ ማዶ ያለቀለት ጋሪ አይገባም፤ እዚሁ ይሠራ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ጋሪ ሠሪው የማዶው ዝሆን ነበርና፣ ስሙ ሲነሳ ደስ የሚለውን አህያን ፈልጎ ከእሱ ጋር በሽርክና ተዋዋለ።

ከዚያ ወዲያ ዝሆን ያለቀለትን ጋሪ ወንዝ ዳር ያመጣና ሁለቱን ጎማ ይነቅላል። ጋሪውና ጎማው ለየብቻ ይሻገራሉ፤ አህያ መልሶ ይገጥማል። ጎኑ ላይም «አህያ የሠራው» ተብሎ ይጻፋል። አህያ ጽሑፉን ባየ ቁጥር ጆሮው ቀጥ ይላል።

አንድ ቀን ኤሊ በዝግታዋ መጥታ፣ «አያ አህያ፣ ዝሆን ሌላውንስ መቼ ነው የሚያስተምርህ?» አለችው።

«ሽርክና ቀስ በቀስ ነው» አላት። «ዘንድሮ የጎማ ዓመት ነው።»

መኸር ደረሰ። የአገሩ እህል የተጫነበት ጋሪ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት ለሁለት ተሰበረ። ሰማዩ ጠቁሯል። አህያ ወንዝ ዳር ሮጦ ዝሆንን ተጣራ።

ዝሆን ከማዶ ሆኖ በለሰለሰ ድምፁ፣ «ወዳጄ፣ ጎኑ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው? የሠራ ይጠግን እንጂ» አለው።

አህያ ሲመለስ እንስሳቱ ከብበው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ቢጨንቀው የሚያውቀውን ሠራ። ሁለቱን ጎማ ነቀለ፤ መልሶም አጥብቆ ገጠማቸው። እንስሳቱ አጨበጨቡለት። ያኔ ዝናቡ ወረደ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ እንዳልላችሁ እህሉን ዝናብ በልቶታል።