ለጋሽ ደምሰው የተከማቸው ናና

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ። ሜዳ ላይ ማንም አያታልላቸውም። ተጫዋች መሬት ላይ ሲንከባለል ቆመው ያዩትና «ተነስ፣ ልብስህን አታቆሽሽ» ይሉታል። ተመልካቹ ቢሰድባቸው፣ ቡድን መሪው ቢለማመጣቸው፣ አንዴ የፈረዱትን አይለውጡም። አንድ ነገር ብቻ አሸነፋቸው፤ ሲጋራ። በእረፍት ሰዓት ሳይቀር ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ ቆመው ያጨሱ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ባሰባቸው፣ ሚስታቸው ስታርፍ ደግሞ ጭራሽ ከእጃቸው አልለይ አለ። ያ ሜዳውን ሙሉ ሲያካልል የኖረ ሰው ከቤቱ እስከ ሱቅ ለመድረስ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያርፍ ሆነ።

ሐኪሙ አልሸነገላቸውም። «ጋሽ ደምሰው፣ ሳንባዎት ከዚህ በላይ ጭስ አይችልም። ወይ ሲጋራው ይቀራል፣ ወይ እርስዎ ይቀራሉ» አላቸው።

ማስቲካ ሞከሩ፣ ከረሜላ ሞከሩ፣ ስለት ተሳሉ። ሲጋራውን ሰብረው ጥለው በማግስቱ እንደገና ገዙ። በመጨረሻ ከእጃቸው ያስጣላቸው ቬፕ ነው፤ ያ በባትሪ የሚሠራው፣ በጭስ ፋንታ እንፋሎት የሚያወጣው፣ ፈሳሽ የሚሞላበት ዕቃ። እሱም ቢሆን የናና ጣዕም ያለው ካልሆነ አይሆንላቸውም። የፍራፍሬውን ሲያቀምሷቸው «ይሄ የሕፃን ሽሮፕ ነው» ብለው መለሱት። በናናው ግን ሲጋራን ረሱ። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ብዙ ደስ አላለውም። «ከሲጋራው ይሻላል እንጂ ይሄም ጤና አይደለም። መጨረሻ ላይ ሁለቱንም መተው አለብዎት» አለ። ጋሽ ደምሰው ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ይሻላል» የምትለዋን ብቻ ነበር።

እኚህ ሰው ሦስት ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያው ልዑልሰገድ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሁለተኛዋ ትርሲት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የመጨረሻው ናሁሰናይ አስተማሪ ሲሆን ሚስት አላገባም፤ ከአባቱ ጋር ይኖራል። እንግዲህ ሦስቱም ያደረጉትን ልንገራችሁና ፍርዱ የእናንተ ይሁን።

ልዑልሰገድ ናናውን የሚገዛው ታይዋን ገበያ ካለ ዋርሳሜ ከሚባል ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ሄዶ እንደልማዱ ሲጠይቅ ዋርሳሜ እጁን አወናጨፈ።

«ይሄ ከእንግዲህ አይመጣም። የሚሠሩት ሰዎች ትተውታል። ያለው እዚህ ጀርባዬ የምታየው ነው፤ እሱንም ነገ የሚወስደው ሰው አለ።»

ልዑልሰገድ ካርቶኖቹን አያቸው። አባቱ ለዓመታት የሚበቃቸው ናና እዚያ ተደርድሯል። ኪሱ ውስጥ ያለው ግን የአንዱን ካርቶን ሩብ እንኳ አይገዛም። ዋርሳሜ በሩ ላይ የቆመውን ሞተር ሳይክል በዓይኑ አመለከተው። «እሱን ብትተውልኝስ?»

ያ ሞተር ሳይክል የልዑልሰገድ እንጀራ ነው። መሰላሉንና የመሣሪያ ሳጥኑን ጭኖ ከሰፈር ሰፈር የሚሮጠው በሱ ነው፤ ከሥራ በፊት ጠዋት ጠዋት እንደ ልጅ ያጥበዋል። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ዋርሳሜም ደስ ቢለው አንድ ካርቶን ጨመረለት። «ይሄንንም ውሰደው፤ ጣዕሙ ያው ናና ነው፤ ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን ግን የለውም። ማንም አልገዛ ብሎኝ ቦታ ይዞብኛል።» ልዑልሰገድ ዕቃውን በባጃጅ አስጭኖ ወደ አባቱ ቤት ላከ፤ እሱ ራሱ ሳጥኑን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ፀሐይ በእግሩ ነው የሚሠራው። ደንበኞቹም ግማሾቹ ቶሎ ወደሚደርስላቸው ሰው ሄዱ።

ካርቶኖቹ ጋሽ ደምሰው አልጋ ስር ገቡ። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ሰው የቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለ ክፍል ምን እንደሚሆን ያውቃል። ሙቀቱ በጠና ጊዜ የተከፈተው ጠርሙስ ሻይ መስሎ ወጣ። አንዴ ሲስቡት ጉሮሯቸውን አቃጠላቸው፤ ሳሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይሄንን ከምስብ ሲጋራዬ ይሻለኛል!» አሉ።

ይህን የሰማችው ትርሲት ናት። መጥታ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። «ሙቀት ነው ያበላሸው፤ ብርሃንና አየርም አግዘውታል» አለች። የተበላሸውን ደፋች። ያልተነካውን ከስሱ ላስቲክ ወደ ቡናማ የመድኃኒት ጠርሙስ ገለበጠች፤ አየር እንዳይገባበት እስከ አንገቱ ሞላችው፤ ክዳኑን አጠበቀችና እላዩ ላይ ቀን ጻፈችበት። ከዚያ ራሷ ቤት ወስዳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደረደረችና ቆለፈችበት፤ ልጅ የነካው እንደሆነ መርዝ ነውና። ለአባቷ የሚበቃውን ያህል ብቻ በየሳምንቱ ታወጣለች። ጋሽ ደምሰውም የቀደመውን ናናቸውን አገኙ።

አንድ ሰሞን የከተማው መብራት ጠፋ። አንድ ቀን ሄደ፣ ሌላ ቀንም ደገመ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው በረዶ ውሃ ሆነ። ትርሲት በማግስቱ ጠዋት የደረጃ ዕድገት ፈተና ነበረባት። ስትዘጋጅበት የከረመችው ፈተና ነው፤ ያመለጠው ሰው እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል። ለብሳ ተነሥታ ማቀዝቀዣውን ከፍታ አንዱን ጠርሙስ ብትነካው ሞቋል። ልዑልሰገድ ለሥራ ሌላ ከተማ ነው። ናሁሰናይ አባቱን ጥሎ ከከተማ አይወጣም። ወደ ደጋው የሚወጣ መኪና ደግሞ የሚገኘው ጠዋት ብቻ ነው። ጠርሙሶቹን በበረዶ ሳጥን አድርጋ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ዳገቱን ወጥታ ደንገጎ ደረሰች። እዚያ አክስቷ ቤት፣ ተራራው ውስጥ ገባ ብሎ በድንጋይ የተሠራ ጓዳ አለ፤ በበጋም ቢሆን ሰው ጋቢ ደርቦ የሚገባበት። ጠርሙሶቹን እዚያ ጨለማ ውስጥ አቁማ ስትመለስ ፈተናው አልቆ ሰዉ ተበትኖ ነበር። አብራት የምትሠራው ልጅ «አባትሽ አመማቸው እንዴ?» ብትላት «እንዳይታመም ነው» ብላ መለሰችላት።

አሁን ወደ ናሁሰናይ እንምጣ። የጋሽ ደምሰው ጣቶች ስለሚንቀጠቀጡ ጠዋት ጠዋት ፈሳሹን ዕቃው ውስጥ የሚሞላላቸው እሱ ነው። ሐኪሙ የተናገረው ሲነገር አብሮ ነበር፤ አባቱ ያልሰሙትን እሱ ሰምቷል። ማንም ያልፈለገው፣ ትርሲትም ሳትወስደው የቀረችው፣ ኒኮቲን የሌለበት ካርቶን ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ሲያሰላስል ከረመና አንድ ጠዋት ከዚያ ጥቂት ጠብታ አባቱ በሚስቡት ናና ውስጥ ቀላቀለ። አባቱ አላወቁም። ቆየት ብሎ ጨመረ። እንደገና ቆይቶ ጨመረ፤ በመጨረሻ ያንን ብቻ ይሞላ ጀመር። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ሰውነታቸው ግን አወቀ። እንቅልፍ ራቃቸው። ጎረቤቱን ሁሉ ይቆጡ ጀመር፤ ሻይ ቀዘቀዘ ብለው ብርጭቆ ወረወሩ። አንድ እሑድ ልጆቹ ሁሉ ምሳ ላይ ተሰብስበው ሳለ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ደንገጎ ወስደሽ አበላሸሽው!»

«አባዬ፣ እኔ እኮ—»

«ጉልበት የለውም! ውሃ ነው! ደህና የነበረውን ነገር ተራራ ለተራራ አንከራተትሽው!»

ትርሲት ጉርሻዋን መለሰች። «ምናልባት እኔ አጥፍቼ ይሆናል» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። በማግስቱ ደንገጎ ወጥታ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በባትሪ መብራት አየቻቸው። አንዱም ቀለሙ አልተለወጠም። ጥፋቷን ፈልጋ ብታጣም ጥፋተኛ እንደሆነች እያመነች ወረደች። ናሁሰናይ ያን እሑድ ዓይኑን ከትሪው አላነሳም።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ደምሰው ሱቅ ሄደው አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዙ። ባለሱቁ ላይተሩን ዘረጋላቸው። ተቀብለው ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲጋራውን አፍንጫቸው ሥር አድርገው አሸተቱት፤ ከንፈራቸው ላይ አደረጉት፤ መልሰው አወረዱት። ኋላ እንደተናገሩት፣ ያን ጊዜ በሐሳባቸው የመጣው የደንገጎው ጓዳ ነበር። «ያ ሁሉ ጠርሙስ ለኔ ተቀምጦ እያለ እኔ አሁን የቸኮልኩት ለምንድን ነው? ከፈለግኩ ነገም አለ» አሉ ለራሳቸው። ሲጋራውን ሰብረው ላይተሩን ለባለሱቁ መለሱ።

ቁጣውም እያደር በረደ። እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ ምግብ ይጣፍጣቸው ጀመር። ናሁሰናይ ይህን አይቶ፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት ሌላ እሑድ ተነሥቶ ቆመ።

«አባዬ፣ ከፋሲካ ወዲህ የምትስበው ውስጥ ኒኮቲን የሚባል የለም። የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ትርሲት ምንም አላበላሸችም።»

ጋሽ ደምሰው ዕቃውን ከአፋቸው አወጡ። መጀመሪያ የተናገረችው ትርሲት ናት። «እዚህ ጋ ተቀምጬ ሳለቅስ ታየኝ አልነበር?»

«አይቻለሁ። የዚያን ቀን ብናገር ኖሮ ሁሉ ነገር ይበላሽ ነበር።»

«ያዘነው የኔ ሆድ ነዋ! ያንተ ምን አለበት!»

ጋሽ ደምሰው ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። «ሃያ ሁለት ተጫዋች ሊያታልለኝ ሞክሮ አልቻለም። አንተ ግን በየማለዳው በገዛ እጅህ አታለልከኝ» አሉት። ከዚያ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ዳግመኛ አላነሱትም።

ወራት አለፉ። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ ፈገግ አለ። ትርሲት ደንገጎ ያለውን ልድፋው ወይ ብትላቸው «ተዪው፤ እዚያ እንዳለ ሳውቅ ነው የማያምረኝ» አሏት። አንድ ጠዋትም ከከተማው ዳር፣ አሸዋማው ወንዝ አጠገብ፣ ከሟች ሚስታቸው ጋር ወደተከሉት የማንጎ ማሳ በእግራቸው ሄዱ። ዓመታት ሙሉ ትንፋሽ አጥሯቸው ያልረገጡት፣ አርሶ ፍሬውን በእኩል እንዲካፈላቸው ለሰው የሰጡት ማሳ ነው። ዞረው አዩት፤ አረሙ፤ ከጉድጓዱ ውሃ ቀድተው ጠጡ። ልጆቻቸውን እዚያው አስጠሩ።

«ይሄ ማሳ አይከፈልም» አሉ። «ጉድጓዱ አንድ ነው። ጎረቤታችን ለልጆቹ ቆራርሶ ሰጥቶ ሁሉም እንደደረቀ አይታችኋል። ይሄንን መልሼ በእግሬ ለመርገጥ ላበቃኝ ልጅ ልሰጥ አስቤያለሁ። ተናገሩ።»

ልዑልሰገድ ቀደመ። «እኔ ያን ቀን ቁልፌን ባላስቀምጥ ትርሲት ምኑን ታቀዘቅዝ ነበር? ናሁሰናይስ ምኑን ይቀላቅል ነበር? የቀላቀለውም እኔ ያመጣሁትን ነው። ይሄው እስከ ዛሬ በእግሬ ነው የምሄደው።»

ትርሲት አላስጨረሰችውም። «ያመጣኸው አልጋ ስር ሻይ ሆኖ ነበር። አባዬ ወደ ሲጋራ ሊመለስ የነበረው ያኔ ነው። ሱቅ ደጅ ሲጋራውን የሰበረውስ ምን አስቦ ነው? ጓዳ ያስቀመጥኩትን። ፈተናዬን ያጣሁበትን፣ የተሰደብኩበትን።»

ናሁሰናይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ሁለታችሁም የለፋችሁት ዕድሜውን ሙሉ ሲስብ እንዲኖር ነው። ነፃ እንዲወጣ የሠራሁት እኔ ነኝ። ውሸት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ጠይቄው ቢሆን እሺ ይል ነበር?»

«ለኔስ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች ትርሲት።

ማሳውን በእኩል ያረሱት ሽማግሌ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። «እኔን ብትጠይቁኝ ማሳው የራስህ ነው፣ ደምሰው። ሲጋራውን የሰበረው ያንተ እጅ ነው» አሉ።

ጋሽ ደምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳኛ ዋንጫ አይወስድም።»

በአንዲት ቅጽበት ሲፈርዱ የኖሩት ሰው እዚያ ማንጎ ጥላ ስር ሦስቱን ልጆቻቸውን እያፈራረቁ አዩ፤ መፍረድ ግን አቃታቸው። ሰፈሩም እስከ ዛሬ ለሁለት ሳይሆን ለሦስት ተከፍሎ ይከራከራል። እናንተም ሰምታችኋል፤ የተደበቀባችሁ ነገር የለም። አንዱ እንጀራውን ሰጥቶ አከማቸ። አንዷ ዓመቷን ከስራ፣ ያልሠራችውን ጥፋት ተሸክማ ጠበቀች። አንዱ ዋሽቶ፣ እህቱንም አስለቅሶ ነፃ አወጣ። እንግዲህ ሳታዳሉ ፍረዱ፤ ማሳው የሚገባው ለማን ነው?