ባላምባራስ ይመኑና የሸማኔው መወርወሪያ

እኛ አገር «ጸሎቴን አስፈቱኝ» እያለ የሚነጫነጭ ሰው ሲገኝ፣ አሮጊቶቹ አንዲት ነገር ጣል አድርገውበት ይስቃሉ። የሚስቁት ባላምባራስ ይመኑ ትዝ እያሏቸው ነው።

ባላምባራስ ጧት ጧት ደጃቸው ላይ ቆመው ዳዊት ይደግማሉ፤ ያውም አላፊ አግዳሚው እንዲሰማላቸው፣ ድምፃቸውን ጎላ አድርገው። አጥራቸውን ተጠግቶ ጓንጉል የሚባል ሸማኔ ይኖራል። ሚስቱ አራስ ናት፤ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ካልሸመነ ጦማቸውን ያድራሉ። ባላምባራስ ይህን ሰው ሽማግሌ ፊት አቆሙት።

«የመወርወሪያው ቀጭ ቀጭ ከፈጣሪዬ ጋር አላገናኝ አለኝ። ከመንደሩ ይነሣልኝ!»

ጓንጉል መሬት መሬት እያየ «አራስ ይዤ ወዴት ልሂድ?» አለ። ሽማግሌዎቹ ባለጸጋውን ፈርተው ሊፈርዱበት ሲዳዳቸው፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት ጣልቃ ገቡ።

«ነገ ሸማኔው እጁን ይሰብስብ፤ እኛም ደጃቸው ተቀምጠን ጸሎታቸውን እንስማ። ከሰመረላቸው ያን ጊዜ ይነሣ።»

በማግሥቱ መንደሩ እረጭ አለ። ጓንጉል እጁን አጣጥፎ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተቀመጠ። ባላምባራስ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ዳዊታቸውን ገለጡ። ገና ሁለት መስመር ሳይሉ አፍንጫቸው ተነፋ።

«አንቺ! ቂጣው እያረረ ነው!»

«ጸሎት ላይ አይደሉም እንዴ?» አለች ሚስታቸው ከውስጥ።

ተመልሰው አጎነበሱ። ትንሽ እንዳነበነቡ ሎሌያቸው በሬ እየነዳ ወደ ገበያ ሲወጣ አዩት።

«ቀዩን ነው ያልኩህ፣ አንተ ደንቆሮ! ዳለቻውን መልስ!»

ደግሞ ቀጠሉ። በመንገድ የሚያልፉ ሴቶች ስለ ጌሾ ሲያወሩ በሰሙ ጊዜ ግን ዳዊቱን እንደያዙ እስከ አጥሩ ሮጡ።

«ተወደደ ወይስ ረከሰ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ባላምባራስ ሲመለሱ የት ላይ እንዳቆሙ ጠፋባቸው፤ ገጹን ወዲያ ወዲህ ቢያገላብጡ አልገኝ አላቸው። በንዴት ጓንጉል ላይ አፈጠጡ።

«አያችሁት? ዝም ብሎም ይረብሸኛል!»

ሽማግሌዎቹ ሸማኔውን ማንም እንዳይነካው ፈረዱ። እማሆይም መቋሚያቸውን ተደግፈው እየተነሡ፣ ባላምባራስን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ እንዲህ አሉ፦ «ልቡን ገበያ ልኮ፣ ጎረቤቱን በጩኸት ከሰሰ።»