ጥሩምባ የፈረደባት አይጥ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። ይህ የከተማ ተረት ነው፤ እዚያ በረት የለም። «የቱቦ አፍ» በሉኝና ልጀምር።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ የከተማ ሰፈር አንዲት አይጥ ትኖር ነበር። ቤቷ ከሰፈሩ ዕድር ቤት ወለል ሥር ነው። በዕድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሦስት የተከበሩ ዕቃዎች ይኖራሉ፤ ለቀስተኛ የሚያስጠልለው ድንኳን፣ የእዝን ወጥ የሚሠራበት ጎላ፣ ሞት የሚለፍፈው ጥሩምባ። አይጢት ከእነሱ ጋር ክፉ ደግ ሳትነጋገር ስትወልድ ስታሳድግ ኖረች።

አንድ ክረምት ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሞተ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ዝናቡ መጣ፣ ድንኳኑ አፈሰሰ። ውኃው በሟች ሚስት ራስ ላይ ወረደ። ለቀስተኛው ቀና ብሎ ቢያይ ጨርቁ በጥርስ ተበልቶ ተቀዷል።

ድንኳኑ ወደ ዕድር ቤት ሲመለስ ተንሰቀሰቀ። «በሐዘንተኛ ፊት ተዋረድኩ። አውጫጭኝ ይደረግልኝ» አለ።

አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ሁሉም በአንድ ላይ የሚቀመጥበት ነው፤ ማንም አይበላም፣ ማንም ቤቱ አይገባም። ዳኛ ማን ይሁን ተባለ። ጥሩምባ አፉ ሰፊ ነው፣ ድምፁም ሩቅ ይሰማል ተባለና ጥሩምባ ዳኛ ሆነ። አፍ ከሰፋ አእምሮም የሚሰፋ መስሏቸው ነው። ይህ የዚያ ሰፈር ልማድ ነው፤ የሌላም ሰፈር ልማድ ሳይሆን አይቀርም።

የሰፈሩ ድመት በር ላይ ዘብ ቆመች። አይጢትም ከተሰብሳቢው መሐል ተቀመጠች። ልጆቿ ገና ዓይናቸውን አልገለጡም፤ ከወለሉ ሥር ጡት ፈልገው ሲጮኹ ይሰማታል።

«ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ አጥብቼ ልመለስ» አለች።

«አውጫጭኝ ነው፤ ማንም አይወጣም» አለ ጥሩምባ።

«ልጆቼ ይሰሙኛል፣ እኔም እሰማቸዋለሁ።»

«ማንም አይወጣም አልኩ።»

አይጢት ነገሩ ቶሎ ካላለቀ ልጆቿ በረሃብ እንደሚያልቁ አየች። ስለዚህ ተነሥታ ቆመች። «ድንኳኑን የበላሁት እኔ ነኝ። ልወልድ ስል ብርድ ነበር፤ ለልጆቼ አነጠፍኩት። ጥፋቴን አምኛለሁ፤ አሁን ልሂድ» አለች።

«አለቀ፤ ጥፋተኛዋ ወጣች» አለ ጥሩምባ። «ለእሷም ለዘሯም መርዝ ይነስነስ።»

አይጢት ደሟ ፈላ። «ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ ዘሬ ሁሉ?»

«ለጨርቁ አይደለም። በዝታችኋል። አያትሽ ብቻዋን መጣች፤ ዛሬ ሰፈሩን ሞላችሁት።»

«እንግዲያው ማን እንዳበዛን ይጠየቃ! ጥፋቴን ስጠየቅ መልሻለሁ። አውጫጭኝ የሚያወጣው የደካማውን ጥፋት ብቻ ነው እንዴ?»

ጎላው «እውነቷን ነው፣ ምስክር ይጠራ» አለ። ድንኳኑም እያለቀሰ ራሱን ነቀነቀ። ጥሩምባ ሳይወድ እሺ አለ።

መጀመሪያ ቱቦ ተጠራ።

«ተጠየቅ» አለችው አይጢት።

«ልጠየቅ።»

«ማን አበዛን?»

«እኔ የዝናብ ውኃ እንድወስድ ተቆፈርኩ» አለ ቱቦ። «እዝን በተበላ ቁጥር የተረፈውን ንፍሮ፣ የተረፈውን እንጀራ፣ የተረፈውን ወጥ ይደፉብኛል። ሆድ የለኝም፤ እኔ አልበላሁትም። የበሉት አይጦች ናቸው፤ የደፋው ግን ሰው ነው።»

ጎላው ይህን ሲሰማ አፈረ፤ የተደፋው ሁሉ ከእሱ ሆድ የወጣ ነበር።

ቀጥሎ የቆሻሻ ገንዳ ተጠራ።

«ተጠየቅ።»

«ልጠየቅ።»

«ማን አበዛን?»

«ክዳን ነበረኝ» አለ ገንዳ። «አንዱ ነቀለና ለዶሮ ቤቱ በር አደረገው። ከዚያ ወዲህ አፌ ተከፍቶ ያድራል። ቆሻሻ የሚያነሣው መኪና ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ስሞላ እግሬ ሥር ይከምሩታል፤ አይጡ እዚያው በልቶ እዚያው ይወልዳል። እኔ አንድም ቀን ኑ ብዬ ጠርቼ አላውቅም።»

በመጨረሻ ጉጉት ከሩቅ ዛፍ ተጠርታ መጣች። አይጢት ስታያት ወደ ጎላው ተጠጋች፤ ግን ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«ተጠየቂ።»

«ልጠየቅ።»

«ማን አበዛን?»

«እኔ እዚሁ ጣሪያ ላይ ነበር የምኖረው» አለች ጉጉት። «ሲመሽ ከእናንተ አንዳንድ እየለቀምኩ ልጆቼን አበላ ነበር። እኔም ልጆቼም አልተራብንም፣ እናንተም አልበዛችሁም። በኋላ ሟርተኛ ናት፣ ሞት ትጠራለች ተባልኩ። ጎጆዬን በድንጋይ አፈረሱት። ጥሩምባ እየነፉም ከሰፈሩ አስወጡኝ።»

«የትኛውን ጥሩምባ?» አለ ጎላው።

«ይኸው ከፊታችሁ የተቀመጠውን ዳኛ። ሞትን በየበሩ የሚለፍፈው እሱ፣ ሟርተኛ የተባልኩት እኔ።»

አይጢት ወደ ጉጉት ዞረች። «እናቴን በልተሻል፣ እህቴን በልተሻል። ከዚህ ሁሉ ግን አንቺ ትሻያለሽ፤ እውነቱን ተናገርሽ» አለች።

ጥሩምባ ጥፋቱን ሊያምን ይችል ነበር፤ አንዲት አይጥ እንኳ አምናለች። እሱ ግን «ዳኛ አይጠየቅም» አለ። «እዚህ የተሰበሰብነው ስለ ድንኳን ነው እንጂ ስለ ቱቦም፣ ስለ ገንዳም፣ ስለ ጉጉትም አይደለም። አይጥ ጥፋተኛ ናት። ተነሡ።»

ተነሡ። አንድም የተቃወመ የለም። ሁሉም የየራሱን አሰበ፤ ጎላው ትርፍራፊውን፣ ድንኳኑ ቀዳዳውን።

አይጢት ሮጣ ቤቷ ስትገባ ታናሿ ልጇ ቀዝቅዛለች። ላሰቻት፣ አልነቃችም። ደግማ ላሰቻት፣ አልነቃችም። ከዚያ የቀሩትን አንድ በአንድ በአፏ እያንጠለጠለች ከሰፈሩ አወጣች። የመጨረሻውን ልትወስድ ስትመጣ ዕድር ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ቤቱን ለቅቄላችኋለሁ፤ ማዕዱን ግን አላነሣችሁም። ማዕድ የተዘረጋበት ቤት እንግዳ አያጣም» አለችና ሄደች።

በነጋታው ጥሩምባ ነፊው ጋሽ ዘርጋው በየመንገዱ ዞረ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የአይጥ መርዝ ይነሰነሳል፤ ልጆቻችሁን ጠብቁ!»

መርዙ ተነሰነሰ፤ አይጦች አለቁ። ድመቷ አንዷን የሞተች አይጥ በላችና እሷም ሞተች። ሕጉን ብላ በር ላይ ዘብ ቆማ ነበር፤ ስትሞት ግን ጥሩምባ የነፋላት የለም። ሰፈሩ ደስ ብሎት ድግስ ደገሰ፣ በላ፣ ጠጣ፣ የተረፈውን ቱቦ ውስጥ ደፋ።

የወጡ ሽታ ቁልቁል እህል ተራ ድረስ ወረደ። የእህል ተራ አይጦችም ሽታውን ተከትለው ወጡ። ድሮ ቢሆን የሰፈሩ አይጦች ነክሰው ይመልሷቸው ነበር፤ አሁን የሚመልስ የለም። ድመት የለም፣ ጉጉት የለም፣ ማዕድ አለ። በሉ፣ ወለዱ፣ የወለዷቸውም ወለዱ። የድንኳኑን ቀሪ ጨርቅ ዘለዘሉት። ከእነሱ አንዷ ለመውለጃ የሚሆን ሙቅ ቦታ ስትፈልግ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጥሩምባ አየች። አፉ ሰፊ ነው። የድንኳኑን ጨርቅ ጠቅጥቃበት እዚያው ወለደች። ዳኛው ሊናገር ቢሞክር አልቻለም፤ አፉ ሞልቷል።

ክረምቱ ተመልሶ ሲመጣ ጋሽ ዘርጋው ሞተ። ጎረቤቱ ጥሩምባውን አንሥቶ ቢነፋው ትንንሽ የአይጥ ጩኸት ብቻ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ሞት ሲለፍፍ የኖረ ሰው የእሱን የሚለፍፍለት አጣ። ዘመድ ሳይሰማ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ጥቂት ሰዎች በዝናብ ቀበሩት።

ከቀብር ሲመለሱ በቱቦው አጠገብ አለፉ። «ይህን ሁሉ አይጥ ማን አመጣብን?» ተባባሉ። ቱቦው ሰማቸው፤ ግን ዝም አለ። ተጠይቆ መልሶ ነበርና።

የድሮ ሰው «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል። በከተማ ግን ሰው በደፋ አይጥ ተመታች።

ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ፍርፋሪውን ግን ቱቦ ውስጥ እንዳትደፉት።