የቆሙት ማርከሮችና የወይን ጠጅ ጥፋት

ድሮ ድሮ ነው። በጣም ድሮ እንዳትሉኝ፣ ማርከር ከተሠራ ወዲህ ነው፤ ግን ዕቃ ሁሉ አፍ ነበረው፣ ሰውም ዕቃ ሲናገር ጆሮ ይሰጥ ነበር። እየሰማችሁኝ ነው? እንግዲያው ልቀጥል።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ለሸማኔዎች ጥለት መንደፍ ነው። ሸማኔው ክሩን ከመወጠሩ በፊት እሷ በካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዷን ካሬ በማርከር ቀብታ ትሰጠዋለች። ለዚህ ሥራ በየዓመቱ አንድ ሁለት እያለች የሰበሰበቻቸው ማርከሮች መቶ ሃያ ደረሱ። መቶ ሃያውም በአንድ ሰፊ ሰፌድ ላይ ተደበላልቀው ተኝተው ይኖሩ ነበር።

እያንዳንዱ ማርከር ሁለት አፍ ነበረው፤ በአንድ በኩል ቀጭን፣ በሌላው በኩል ወፍራም። በወፍራሙ ይቀባሉ፣ በቀጭኑ ያሰምራሉ። ሲያወሩም በቀጭኑ ነው።

የሁሉም ታላቅ ወይን ጠጅ ነበረች። ቀድማ የተገዛችው እሷ ስለሆነች ሁሉም "እትዬ" ይሏታል፤ እሷም ይህን ትወዳለች። የማትወደው አንድ ነገር ነበር። ትርንጎ "ወይን ጠጅ የት ገባች?" እያለች ሰፌዱን ስታተራምስ፣ ከቡናማና ከግራጫ ሥር ተቀብራ መገኘት።

አንድ ቀን "በቃ! ሥርዓት ይግባ" አለች። "በዕድሜ እንደርደር። ቀድሞ የመጣ ከላይ ይሁን።"

በዕድሜ ተደረደሩ። ትርንጎ ሰማያዊ ፈለገች። አንዱ ሰማያዊ ከላይ ነው፣ ሌላው ከታች ነው፣ ሦስተኛው የት እንደገባ አልታወቀም። "ማነው ደግሞ እንዲህ ያደረጋችሁ?" ብላ መልሳ አደበላለቀቻቸው።

"እንግዲያው በተፈላጊነት እንደርደር" አለች ወይን ጠጅ። "ብዙ የሚሠራ ከላይ ይሁን።"

በተፈላጊነት ተደረደሩ። ከላይ ያሉት ይበልጥ ተፈለጉ፣ ከታች ያሉት ይበልጥ ተረሱ። ግራጫ አለቀሰ፤ ሰፌዱ ተበላሸ። ትርንጎም መልሳ አደበላለቀቻቸው።

ይሄኔ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠ ባዶ የዘይት ጣሳ ጉሮሮውን ጠረገ። አፉ ሰፊ፣ ሆዱ ትልቅ ነበር።

"እኔ ጋ ኑ" አለ። "እኔ ጋ የገባ ይቆማል። የቆመ ይታያል። ቀኑን ሙሉ መተኛት ምን የሚሉት ነው? ታማችኋል እንዴ?"

ወይን ጠጅ ልቧ ተነሣ። "ሰማችሁ? እንቆማለን! እኔ ከፊት።"

"እንቆማለን!" አሉ ሁሉም። ቅጠልያ ብቻ ዝም አለች። ቅጠልያ በቅርብ የመጣች፣ ድምጿ ለስለስ ያለ አረንጓዴ ናት።

"እትዬ" አለች፣ "ብዙ ስቆም ቀለሜ ወደ እግሬ ይወርዳል። ቀጭኑ አፌ ይደርቃል። እኔ እዚሁ ተኝቼ ብቀርስ?"

"ውይ የኔ እመቤት! ፍራሽ ይነጠፍልሽ?" አለች ወይን ጠጅ። ጣሳው ኳ ኳ እያለ ሳቀ፤ መቶ አሥራ ስምንቱም ሳቁ። "ዛሬ አንዷ ትተኛ ካልን ነገ ሁሉም ይተኛል። ቁሚ!"

ቅጠልያም ቆመች።

ትርንጎ ስታያቸው ደስ አላት። "እንዴት አምሮባችኋል! ማን አሰበው?"

"እኔ ነኝ" አለች ወይን ጠጅ።

"ጎበዝ!"

አንድ ሳምንት ቆሙ። ሁለት ሳምንት ቆሙ። በሦስተኛው ሳምንት ድምፃቸው ይሻክር ጀመር። ብርቱካናማ ሳል ያዛት። ቢጫ ተንሾካሾከ። ቅጠልያ ጭራሽ ዝም አለች።

በዚያው ቅዳሜ ትርንጎ የአንድ ጥለት ሐረግ ልትነድፍ ቅጠልያን አነሣች። ቀጭኑን አፏን ወረቀቱ ላይ ሳበችው። ኪርር አለ እንጂ ቀለም የለም። ሥራው አስቸኩሏት ነበርና ወፍራሙን ልሞክር አላለችም። "እሷም አለቀች" ብላ በሩ ላይ በተንጠለጠለው የቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ጣለቻት።

ቅጠልያ ግን አላለቀችም። ቀለሟ በሙሉ በእግሯ በኩል ተጠራቅሞ ነበር። የሳቁት ሁሉ ነገሩን ረስተውታል፤ ይህን ልብ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷ መናገር አትችልም። ሁለተኛዋ ወይን ጠጅ ናት።

ወይን ጠጅ ፌስታሉን አየች። ዐይኗን መለሰች። እንደገና አየች። ቅዳሜ ደግሞ ቆሻሻ ሰብሳቢዋ አስካለ የምትመጣበት ቀን ነው፤ ፊሽካዋ ከታችኛው ሰፈር ይሰማል።

"ያስቆምኳት እኔ ነኝ ብል ከፊት ቦታዬ እነሣለሁ" ብላ አሰበች። "ሌላ ያድናት።"

"ጣሳዬ፣ እባክህ ዘንበል በል" አለችው። "ሁላችንም ስንፈስ ትርንጎ ነገሩን ታየዋለች።"

"ለአንዲት ቅጠልያ ብዬ ሆዴን ሜዳ ላይ ላፍስ?" አለ ጣሳው።

ፊሽካው ቀረበ።

"አያ ማስመሪያ፣ ፌስታሉን ከበሩ ላይ አውርድልኝ።"

"እኔ ቀጥ ብዬ መሄድ ነው የማውቀው" አለ ማስመሪያው። "ወደ በሩ ሲኬድ ደግሞ መታጠፊያ አለ።"

ፊሽካው ይበልጥ ቀረበ።

"እሜቴ ድመት፣ ቅጠልያን ከፌስታሉ አውጪልኝ።"

ድመቷ ተንጠራራች። "ሥጋ አላት?"

"የላትም።"

"እንግዲያው የራስሽን ጣጣ ራስሽ ጨርሺ። ያስቆምሻት አንቺ አይደለሽ?"

ከዚህ በኋላ ወይን ጠጅ የምትልከው አልነበራትም። ድምጿን ሞከረችው፤ ግማሹ ሄዷል። ነገ የቀረው ይኑር አይኑር አላወቀችም። ፊሽካው በሩ ላይ ደረሰ። ትርንጎ ፌስታሉን አንሥታ ልትወጣ ነው።

"ትርንጎ!" አለች ወይን ጠጅ ባላት ድምፅ ሁሉ። "አላለቀችም! ተኝቼ ልቅር ብላኝ ነበር። አፌ ይደርቃል ብላኝ ነበር። ሳቅሁባት። አስቁሜ ያደረቅኋት እኔ ነኝ።"

ትርንጎ ዞር አለች። "አሁን ነው የምትነግሪኝ? ማን አሰበው ስላችሁ ግን መልስ አላጣሽም።"

"አላጣሁም። ይሄኛውን ፈራሁት።"

"እሜቴ፣ ትሰጪኛለሽ ወይስ ልሂድ?" አለች አስካለ ከውጭ። "ጋሪዬ ቁልቁለት ላይ ነው!"

"አንድ ጊዜ ጠብቂኝ የኔ እህት!"

ትርንጎ ቅጠልያን ከፌስታሉ አወጣቻት። የወፍራሙን አፍ ክዳን ከፍታ ወረቀት ላይ አስነካችው። እርጥብ፣ ብሩህ አረንጓዴ ወጣ። "ወይኔ!" አለች ትርንጎ። "ሙሉ ሆና ልጥላት ነበር!"

የዚያኑ ቀን ጣሳውን ባዶ አደረገችው። ጥልቀት የሌላቸው ሦስት መሳቢያዎች አዘጋጀች፤ በካርቶን ከፋፈለቻቸው፤ ማርከሮቹን ሁሉ አስተኛቻቸው። አረንጓዴው ከአረንጓዴ ወገኖቹ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ ወገኖቹ ጋር ሆነ። የክዳን ቀለም ስለሚያሳስት ሁሉም በየተራ በአንድ ወረቀት ላይ የራሱን ካሬ ቀባ። ወረቀቱም መሳቢያው ላይ ተለጠፈ። ወይን ጠጅ ከሐምራዊዎቹ መካከል ተቀመጠች፤ ከፊትም ከኋላም አይደለም። ጣሳው አፈር ተሞልቶ ጤና አዳም ተተከለበት።

በመጀመሪያው ቀን ከቅጠልያ ቀጭን አፍ ምንም አልወጣም። በሁለተኛው ቀን ፀጉር የምታህል መስመር ወጣት። በሦስተኛው ቀን መስመሯ ከካሬው ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ፣ ድምጿም ተሰማ።

"ቅጠልያ፣ በድዬሻለሁ" አለች ወይን ጠጅ ከማዶ።

"እትዬ፣ ድምፄ ገና አልተመለሰም" አለች ቅጠልያ። "ደህና ሲመለስ ምን ያህል እንደተናደድኩብሽ እነግርሻለሁ።"

"ንገሪኝ። እሰማሻለሁ።"

አያችሁ፣ በሌላው ላይ ያደረስነውን በደል ገና እንናገረዋለን እያልን አናቆየው። የተናገርን ዕለት ሁሉም ነገር አይስተካከልም፤ መስተካከል የሚጀምረው ግን ያን ዕለት ነው።

እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፤ ተራው የእናንተ ነው።