ለሽምግልና የሄደ ስፒከር

አንድ ቀን ደሴ ውስጥ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ሰው ቤት ገቡና ስለ ስፒከር ሲሰደቡ አረፈዱ። አሁን እኛ እንስቃለን፤ እነሱ ግን ያን ቀን አልሳቁም።

የላካቸው ልጅ ይመር ይባላል። ሸዋ በር ገበያ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችው፤ በእጁ ስፒከር ይሠራል። ሳጥኑን ከኮምፔልሳቶ ይገጣጥማል፤ ሳጥኑ ውስጥ ከታች ለወፍራሙ ድምፅ፣ ለቤዙ፣ ዉፈር፣ ከመሐል ለዘፋኙ ድምፅ ሚድ፣ ከላይ ለቀጭኑ ትዊተር ይተክላል። ሦስቱ እንዳይጣሉ ድምፁን የምታከፋፍላቸው ክሮስኦቨር የምትባለዋ ነገር በይመር ቤት ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር ናት፤ ሌላ ጣጣ የላትም። ልጁ ሥራውን ይወዳል፤ ከሥራው በላይ ደግሞ የጋሽ በላቸውን ልጅ ስመኝን ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ችግሩ ጋሽ በላቸው ናቸው።

ጋሽ በላቸው በሙዚቃ መሣሪያ ነገር ከእኔ በላይ ላሳር ባይ ናቸው። ሠርግ ሲጠሩ ከሙሽሮቹ በፊት የሚያዩት ስፒከሩን ነው። ጠጋ ብለው ጆሯቸውን ይሰጡትና፣ ዓይናቸውን ጨፈን፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «ቤዝ ይጎድለዋል» ይላሉ። ቤዙ ድንኳኑን ከነካስማው ቢነቅለውም «ቤዝ ይጎድለዋል» ነው። ሰፈሩ ከመልመዱ የተነሳ ወጥ ጨው ሲያንሰው እንኳ «ቤዝ ይጎድለዋል» መባባል ጀምሯል።

የራሳቸው ስፒከር ግን አይነኬ ነው። ድሮ አሰብ ወደብ ይሠራ የነበረ ወንድማቸው ያመጣላቸው ጥንድ የፈረንጅ ስፒከር ሳሎን ጥግ ቆሟል። ቆሟል ነው የምላችሁ፤ ሲዘፍን የሰማው የለም። «ይደክምብኛል» ይላሉ። ዳንቴል አልብሰውት፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ አሸክመውት፣ እሳቸው ዜናውንም ዘፈኑንም የሚሰሙት በኪስ ሬዲዮ ነው። ለዓመት በዓል እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው ያሳዩና እንግዳው ገና አድንቆ ሳይጨርስ መልሰው ይሸፍኑታል። ስስት እንዲህ ነው እንግዲህ!

ታዲያ ሽማግሌዎቹ፣ ሐጂ እንድሪስና ጋሽ ወንድይፍራው፣ ገብተው ከበሩ አጠገብ ቆሙ። «ተቀመጡ እንጂ» ሲባሉ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ መርቀው፣ የይመርን ስም አነሱ። ከዚያ በኋላማ ቤቱ ተናወጠ።

«ማን? ያ ሳንቃ ለጣፊ?» አሉ ጋሽ በላቸው። «ኧረ ሐጂ በፈጠረዎት! ልጄን ለኮምፔልሳቶ ልስጥ?»

«ልጁ ጨዋ ነው፣ በላቸው። ሠርቶ የሚበላ ነው» አሉ ሐጂ።

«ጨዋነቱን በዉፈሩ ያሳየኛ! የሠራውን ባለ ሦስት ድምፅ ይዞ እዚሁ ሳሎኔ ይምጣና ያሰማኝ። ቤዙ ከሞላ ጥያቄያችሁን በሥርዓት እሰማለሁ። ከጎደለ ግን የስመኝን ስም በአፉ እንዳያነሳ! እኔም ጎንደር አክስቷ ዘንድ እሰዳታለሁ፤ እዚያው ወግ ማዕረጓን ታያለች።»

«ዳኛውስ ማን ሊሆን ነው?» ሲሉ ጠየቁ ጋሽ ወንድይፍራው።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ጆሮ አለው?»

ሐጂ እንድሪስ ወጥተው ወሬውን ለይመር ሲያደርሱ፣ «ልጄ፣ ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው ሆኖብናል። እኔ ዱዓ ከማድረግ ያለፈ አቅም የለኝም» አሉት። ጎንደር ቅርብ አይደለም፤ አክስትየዋ ደግሞ ለስመኝ የሚሆን ነጋዴ ጎረቤት እንዳላት ካወራች ቆይታለች።

በማግሥቱ ይመር ዉፈር ፍለጋ ገበያውን ያስሰው ገባ። ሸዋ በር ዉፈር ሻጭ ሞልቷል፤ ሁሉም ምሎ ተገዝቶ ነው የሚሸጠው። አንዱ «ይሄን ግጠምና ጎረቤትህ ቤቱን ለቆ ካልሄደ መልስልኝ!» ይለዋል። ሌላው ከተጋጨ መኪና የተነቀለ፣ ሰፌድ የሚያክል አምጥቶ ያስታቅፈዋል። ሰው ዉፈር ሲገዛ እንደ በግ አንስቶ ይመዝናል፤ የኋላው ማግኔት ከከበደው ተደስቶ ይሄዳል። ይመር ግን የሚነዝረውን የፊቱን ወረቀት በአውራ ጣቱ ገፋ፣ ለቀቅ እያደረገ ያዳምጣል።

ትልቁን ወስዶ ቢገጥመው ከበሮው ዘፋኟን ውጧት አረፈ። አነስ ያለውን ቢገጥም ደግሞ ዘፋኟ ብቻዋን ቀረች፤ ከበሮ መቺው እቤቱ የቀረ ነው የሚመስለው። ሌላ ቀየረ፤ እሱ እንዲያውም አጓራ። የይመር ማከፋፈያ ጥቅል ሽቦ ናትና የሚገጥማት ዉፈር በራሱ ጨዋ መሆን አለበት፤ ባለጌ ዉፈር በሽቦ አይታሰርም! በዚህ ላይ፣ ጨዋ ቢያገኝስ ምን ዋጋ አለው? ጋሽ በላቸው ነቀፋ ሊያወጡ ከቆረጡ ከገነትም ያወጣሉ።

በዚህ መሐል ስመኝ ለአባቷ ኪስ ሬዲዮ ባትሪ ልግዛ ብላ ሱቁ ብቅ አለች። ይመር በዉፈር ተከቦ፣ አገጩን ይዞ ተቀምጧል።

«ምነው? ሰው ሞተብህ?»

«እኔው ልሞት ነው እንጂ! ምን ብገጥም አባትሽ ‹ቤዝ ይጎድለዋል› ማለታቸው አይቀርም። ጎንደር ሄደሽ ልትቀሪ ነው፣ ስመኝ።»

«ወይ አንተ! አሁን ለዚህ ታለቅሳለህ?» አለች። «አባዬ በዕድሜያቸው ነቅፈውት የማያውቁት ዉፈር አንድ ዓይነት ብቻ ነው።»

ጠጋ ብላ በጆሮው ሹክ አለችው። ምን እንዳለችው አሁን ብነግራችሁ ጨዋታው ስለሚበላሽ ዝም እላለሁ። ይመር ብቻ ሳማ እንደነካው ሰው ዘሎ ተነሣ።

«አንቺ ልጅ፣ ልታስገድይኝ ነው?»

«ፈሪ ነህ እንዴ? ጎንደር ከምሄድ አንተ ብትገደል ይሻላል» ብላ እየሳቀች ወጣች።

ቀጠሮው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። ይመር ስፒከሮቹን በጋሪ ጭኖ መጣ፤ ሐጂና ጋሽ ወንድይፍራው ቀድመው ደርሰው እንደ ልማዳቸው ከበሩ ቆመዋል። ጎረቤቱም ምጥ እንደሚጠብቅ ሰው በመስኮት ተደርድሯል። ስመኝ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ናት።

ጋሽ በላቸው ሳጥኑን በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉት። «ይሄ ስፒከር ነው ወይስ የልብስ ሳጥን?»

«ሲከፈት ስፒከር ነው ጋሼ፤ እምቢ ካሉኝ ልብሴን ከትቼበት አገር እለቃለሁ።»

«አፍማ ታውቃለህ! በል ከእኔው ስፒከር ጎን አቁመው፤ ከጌታው አጠገብ ሲሆን ጉዱ ይታወቃል።»

ይመር ሳጥኖቹን ዳንቴል ከለበሱት ጎን አቆመና ማጫወቻውን ከፈተ። የወሎ የሠርግ ዘፈን ነበር። ከበሮው ገባ፤ ሲገባ ወለሉን ረገጥ አድርጎ ነው እንጂ ቡፌ ውስጥ ያሉትን ብርጭቆዎች አላስጮኸም። ዘፋኟ ተከተለች፤ ትንፋሿ ሁሉ ይሰማል። ጭብጨባው ከላይ ፈሰሰ። በመስኮት ካሉት ሴቶች አንዷ ሳታውቀው ትከሻዋ ተነቃነቀ።

ጋሽ በላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ራሳቸውን ሊነቀንቁ ጀምረው ተዉት። «ቤ…» አሉ። በመስኮት ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። «ቤዝ…» አሉ እንደገና፤ ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ አለ። ውሸት መናገር ቢፈልጉም ጆሯቸው አፋቸውን ያዘባቸው። በመጨረሻ እግራቸው ምቱን ተከትሎ ወለሉን መምታት ጀመረ።

«የት አገኘኸው?» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። «ይሄ የሸዋ በር ዉፈር አይደለም! ይሄ የፈረንጅ ነው!»

«ነው፣ ጋሼ። አልተሳሳቱም።»

«እኔ እሳሳታለሁ እንዴ! ጆሮ ማለት ይሄ ነው።»

ይመር አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «ዉፈሩስ እሺ፤ ለሳጥኑ ነው የፈራሁት። ተስማምቶታል ይላሉ? እርስዎ ያውቃሉና ፍርድ ይስጡኝ» አለ።

አዋቂ ሰው ፍርድ ስጥ ሲባል መቼ ይቆማል! ጋሽ በላቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ስሙ እንግዲህ! እኔ ሐቅ ነው የምናገረው። ይሄ ዉፈር ቦታውን አግኝቷል። ለዚሁ ሳጥን የተፈጠረ ነው! ቀድሞ የነበረበት ቤት አላወቀበትም ማለት ነው፤ ባለቤቱም ቢሆን ጆሮ የሌለው ደንቆሮ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ታቅፎ የተቀመጠ ሰው፣ እናቱ ለምን ወለደችው?»

«አስተግፊሩላህ» አሉ ሐጂ።

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ስመኝ ሳቋን በነጠላዋ ጠቅጥቃ እያፈነች ነው።

«ማነው እሱ?» አሉ ጋሽ በላቸው። «ስሙን ንገረኝ፤ ሄጄ ፊት ለፊት ነው የምነግረው!»

«ይቅርብዎ ጋሼ።»

«ተናገር አልኩህ!»

«እንግዲያው ዳንቴሉን ገለጥ ያድርጉት።»

ጋሽ በላቸው መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠ። የፕላስቲክ አበባውን ወዲያ ወርውረው፣ ዳንቴሉን ገፈው፣ የፊቱን ጨርቅ ከነፍሬሙ ነቀሉት። ዉፈሩ በነበረበት ክብ ቀዳዳ፣ ጨርቁ ወደ ውስጥ እንዳይሰረጉድ፣ የዱቄት ወንፊት ተወትፏል። ወንፊቱን አወጡና እንዳለ ፊታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። በመስኮት ያሉት ሲያዩአቸው በወንፊቱ ውስጥ ዓይናቸው ብቻ ይቁለጨለጫል።

እጃቸውን ወደ ሁለተኛው ሲሰዱ ከመጋረጃው ኋላ የስመኝ ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ ያንን እንኳ ቀስ ብለው ያውጡት፤ የዚያኛው ወንፊት የጎረቤት ነው!»

ያኔ ሰፈሩ በሳቅ አለቀ። ሐጂ እንድሪስ ከምርኩዛቸው ላይ ተንጠላጠሉ፤ ጋሽ ወንድይፍራው ግድግዳ ዞረው ይንቀጠቀጣሉ። ጋሽ በላቸው ብቻ አልሳቁም። ወንፊቱን እንደ ጋሻ ይዘው ወደ ይመር ተራመዱ፤ ልጁ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ወይ ዛሬ ያገባል ወይ ዛሬ ይታሰራል።

«ሌባ!» አሉ። «ከቤቴ ዕቃ አውጥተህ፣ መልሰህ ልጄን ስጡኝ ልትለኝ ከፊቴ ትቆማለህ? እስቲ በምን አፍህ? ተናገር፣ በምን አፍህ?»

«በእርስዎው አፍ ነዋ፣ ጋሼ!» አለ ይመር። «ከእርስዎ ቤት ወጥቶ እኔ ቤት የገባ ነገር ቦታውን እንዳገኘ ሽማግሌ ፊት የመሰከሩት እርስዎ ነዎት። በዉፈሩ ካመኑኝ በልጅዎ ለምን ይጠራጠሩኛል?»

ጋሽ በላቸው ወንፊቱን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ ዳንቴሉን ተገፎ አፉን ከፍቶ የቀረውን ስፒከራቸውን አዩ። ዘፈኑ አሁንም አላቋረጠም፤ እግራቸውም ከፈቃዳቸው ውጪ ምቱን ይዟል።

«ሐጂ፣ ተቀመጡ እንጂ!» አሉ በመጨረሻ። «እነዚህ ልጆች የቀረውን ቤቴን ፈታተው ሳይጨርሱት ቀን እንቁረጥ።»